ለምዕራፍ ሲባል

ጋሽ ድንበሩ ሰባ ዓመት እስኪሞላቸው ሐኪም ፊት ቀርበው አያውቁም። ሴት ልጃቸው «አባዬ፣ ግፊትዎን ይለኩ» ባለቻቸው ቁጥር «ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?» ይሏታል። ዛሬ ጤና ጣቢያ የመጡትም፣ እሷ ሥራ አልመች ስላላት፣ የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ምዕራፍን ግፊት ሊያስለኩ ነው።

ምዕራፍ መለኪያውን ገና ስታየው ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«አያምም እኮ፣ የኔ እመቤት። ክንድሽን ጨበጥ አድርጎ ይለቅሻል» አለቻት ሲስተሯ።

«መጀመሪያ አባባ ይለካ!»

ቢያባብሏት፣ ቢቆጧት፣ ወይ ፍንክች። ሲስተሯ «እንግዲህ ለልጅቷ ሲሉ፣ አባቴ» አለቻቸው። ጋሽ ድንበሩ እያጉረመረሙ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የመለኪያው ትልቁ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ተጠምጥሞ ሲነፋ፣ ለምዕራፍ ብለው ፈገግ አሉ።

ሲስተሯ ቁጥሩን አይታ ደግማ ለካች።

«መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር። አባቴ፣ ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ይገባሉ።»

«እኔን ተይኝና እሷን ለኪያት» አሉ፣ ትንሹን የልጆች ጨርቅ ራሳቸው አንስተው እያቀበሏት።

ሲስተሯ አልተቀበለቻቸውም። ምዕራፍ እንባዋን ጠርጋ ቀና ብላ አየቻት።

«አሁን ማልቀሴን ልተው? እማዬ አልቅሺ ያለችኝ አባባ እስኪለካ ድረስ ነው።»