ከሁለቱ አንዱ

የሂሳብ መምህርቷ ኩላሊቶቿ ደክመው በእጥበት መኖር ከጀመረች ዓመት አልፏታል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ በውርስ ቤቱ ሲካሰሱ የኖሩት ታላቅ ወንድሟ ሰይፉና ታናሿ ምንዳዬ፣ ስትለምናቸው ከርማ በመጨረሻ ተመረመሩ። ውጤቱን ሊሰሙ ሲመጡም በሆስፒታሉ ኮሪደር ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ተቀመጡ።

ሐኪሙ የእያንዳንዳቸው ኩላሊት በደንብ የመስማማት ዕድሉ ከአራት አንድ መሆኑን ነግሯት ነበር። እሷም ቢያንስ የአንዳቸው የሚስማማበትን ዕድል በማዘዣ ወረቀት ጀርባ አሰላችው። የሁለቱን ዕድል ደመረች፤ የሁለቱም የሚስማማበት ዕድል ሁለቴ እንዳይቆጠር አንዴ ቀነሰችው። ከዐሥራ ስድስት ሰባት መጣ። ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያም ሆኖ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

ሐኪሙ ፊቱ በርቶ ወጣ።

"እንኳን ደስ አላችሁ! የሁለቱም ይስማማል።"

እንባዋ ሳይታወቃት ወረደ።

"እንግዲያው እሱ ይስጣት" አለ ሰይፉ ዞር ሳይል። "ለቤቱ ሲሆን ቀድሞኝ የለ!"

"ታላቅ ነኝ ባዩ እያለ?" አለ ምንዳዬ ብድግ ብሎ። "ምን ሲደረግ እኔ እቆረጣለሁ!"

"ወንድም ጋሼ! ምንዳዬ!" ብላ ተጣራች።

አንዱ በፊት በር፣ ሌላው በጓሮ በር ወጥተው ነበር።