ሳፋ ውስጥ የነበረው ባላገር

የጣና ሐይቅ ነባር ዛጎል ለበስ ከሌላ አገር ከመጣው ዛጎል ጋር እየተዳቀለ ዘሩ ሊጠፋ ሲል፣ የቀረው በየቤቱ በተጣራ ውኃ እንዲኖር ታወጀ። የሻረግም ለደረሳት አንድ ዛጎል ትልቁን ሳፋዋን ለቀቀችለት፤ ሕፃን ልጇን በወጥ ድስት ማጠብ ያዘች።

ዛጎሉ አሳዘናት። “አገሩ አይናፍቀውም?” እያለች ከሐይቁ በጣሳ ቀድታ ጠብ ታደርግለት ጀመር።

ተቆጣጣሪው አንማው ሲመጣ ሳፋው ውስጥ ከወለሉ ላይ ሰሊጥ የሚያካክሉ ግልገል ዛጎሎች አየና መመርመሪያውን አስጠጋ።

“ድቅል ናቸው። ምን ጨመርሽበት፣ እታለም?”

“ውኃ ነዋ! የገዛ አገሩን ውኃ።”

“የሐይቁ ውኃ የመጤውን ዘር ይዟል፤ አንዴ ከተነካካ ሁሉም ይቃጠላል” አለና ዛጎሉን ከነግልገሎቹ በከረጢት ቋጥሮ ወጣ።

በማግስቱ ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ሳፋ ታጠበ። እየተንቦጫረቀ ሳቀ።