ወፎች ሁለት ሰው ሲያዩ

ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ካሜራውን አንግቶ ወደ ሐይቁ ሲወርድ "እኔም ልምጣ?" ትለው ነበር።

"ወፎች ሁለት ሰው ሲያዩ ይበራሉ፤ አርፈሽ ተኚ" ይላታል እየሳቀ።

እሷም አላስቸገረችውም። ብርዱ እንዳይጎዳው ብላ በገዛ እጇ ቢጫ ሹራብ ሠራችለት። እሱ ግን ብዙም ሳይለብሰው ሐይቁ ዳር ረስቶት መጣ፤ ተመልሶ ቢፈልገውም አላገኘውም።

ለሙት ዓመቱ ሳሎን የሚሰቀል አንድ ፎቶ መረጠች፤ ሽመላ ውሃ ውስጥ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ከሥሩ መልኩ ተገልብጦ የሚታይበትን። ትልቅ አድርጎ እንዲያትምላት ለፎቶ ቤቱ ባለቤት ሰጠችው።

ልትወስድ ስትመጣ ሰውዬው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቃት።

"እትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሼ እጃቸው የተባረከ ነበር። ለካ እርስዎም አብረው ነበሩ!"

"የት?"

"ይኸው፣ ከታች። ከጀልባ ማቆሚያው ላይ ቁልቁል ሲያነሱ የሁለታችሁም ምስል ውሃው ላይ ወድቋል። ትከሻቸው ላይ ተደግፈው! ልቁረጠው ወይስ ልተወው?"

መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። የሴትየዋ ፊት አይለይም። የለበሰችው ቢጫ ሹራብ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

"ተወው" አለች ቀና ሳትል። "የዚያን ቀን ብርድ ነበር።"