ዘጠነኛው ቅጠል

ቤቱን ሊያዩ የመጡ ቀን ማሳኖን መኪና ውስጥ ትተዋት ነበር የገቡት። «ደረጃው ያዳልጣል፣ እማዬ፣ አንቺ እዚሁ ጠብቂን» ብሎ ልጇ ሺገኪ መስኮቱን ከፈት አድርጎላት ሄደ፤ ለውሻ እንደሚደረገው። ስልሳ ዓመት ቤት ያስተዳደረች ሴት ስለ ቤት የምትለው አይጠፋትም ብሎ የጠየቃት የለም። ገዙት፣ ፈረሙ፣ ይኖሩበት የነበረውን የሸለቆውን አሮጌ ቤት ቁልፍ ለባዳ አስረከቡ።

ዛሬ ግን የጭነት መኪናው ደጅ ቆሟል፣ ሁለቱ ተሸካሚዎችም እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ማሳኖ በሩ ላይ መግቢያውን ዘግታ ቆማለች። ደረቷ ላይ ያቀፈችው ሸክላ ውስጥ ኦሞቶዋ አለ። ፀሐይ የማይወድ፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የረዘመ ተክል ነው፤ የአማቷ አማት ከእናት ተክሉ ሥር ገንጥላ የተከለችው። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ከሰውም ከዕቃም በፊት የሚገባው እሱ ነው። እሱ ያልቀደመበት ቤት ሰው አያበረክትም።

«እማዬ፣ ደመናው መጣ እኮ» አለ ሺገኪ። «ፍራሹ ሊበሰብስ ነው።»

«ይበስብስ። የበሰበሰ ፍራሽ ይደርቃል።»

«ድልድይ የምሠራ ሰው ለቅጠል ወረፋ ስጠብቅ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?»

«ያንተ ድልድይ የሚያሻግረው መኪና ነው። ዞር በል።»

ምራቷ ቺሆ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ማሳኖ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ቃል አልወጣትም፤ ሸክላውን ለማንም አላሸክምም ያለችው ግን ለዚሁ ነው።

ጫማዋን አውልቃ ገባች። ቺሆ ከኋላዋ ተከተለቻት። ቤቱ ዐሥራ አንድ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በሳንቃዎቹ ስንጥቅ ብቻ ነው። መተላለፊያው አቧራ ላይ ቤቱን ያዩ ቀን የረገጡት ዱካ አለ፤ የእንግዳ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከበር ሆነው ነው ያዩት።

ማሳኖ ክፍሉ ውስጥ ዘለቀች። ሥዕልና አበባ የሚቀመጥበት ከፍ ያለው መደብ ላይ፣ ጥቁር ሸክላ ውስጥ፣ ሌላ ኦሞቶ ተቀምጧል።

«እሱማ የፕላስቲክ ነው፣ እማማ» አለች ቺሆ ከደጃፉ ሳታልፍ። «ደላላው ነው ያለን።»

«ደላላሽ ዓይኑ የፕላስቲክ ነው።»

ጎንበስ ብላ ቆጠረች። ዘጠኝ ቅጠል። ስምንቱ አሁን የታጠቡ ይመስል ያበራሉ። ዘጠነኛው ከሥሩ እስከ መሀሉ ታብሷል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጫፉ አቧራ ነው። የታበሰው ባበቃበት ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ገና አልደረቀችም።

ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከተተች። ለኦሞቶ ውሃ ሲበዛ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ሲያንስ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ልኩን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ይሄ ልኩን ያገኘ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ነው የጠጣው» አለች።

«ጎረቤት አጠጥታው ይሆናላ።»

«በየት በኩል ገብታ?»

ቺሆ ወለሉን አየች። አቧራ የለበሰው የሰሌን ምንጣፍ ላይ ከደጃፉ እስከ መደቡ አንድ ሰው ብቻ ነው የረገጠው፤ እሱም የማሳኖ እግር ነው። ቺሆ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«ገባ አይደል?» አለ ሺገኪ ከውጭ። «ማውረድ እንጀምር?»

«አንድ ሳህን እንዳታወርዱ» አለች ማሳኖ።

«ታዲያ የት እንሄዳለን?» አለች ቺሆ በቀስታ። «ያኛው ቤት ሰው ገብቶበታል።»

ማሳኖ ይሄን አታጣውም። ኦሞቶ ያለበት ቤት ባለቤት አለው። ይሄን ያህል ዓመት ለሰው ሳትታይ በጨለማ ቅጠል ስታብስ የኖረች ደግሞ ውጪ ቢሏት አትወጣም። ተክል አሳምራ ያሳደገች ሁሉ ለልጅ ደግ ናት ማለትም አይደለም፤ ማሳኖ ይሄን የምታውቀው ከራሷ ነው።

ተንበረከከችና ሸክላዋን ከጥቁሩ ሸክላ ጎን አስቀመጠች። መሀላቸው አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ተወች።

«ማሳኖ እባላለሁ» አለች ወደ መደቡ፤ ለአዲስ ጎረቤት በሚወራበት ድምፅ። «በር ላይ የቆመችው ምራቴ ናት። የተሸከመችውን ታያለሽ። እኛ የምንመለስበት የለንም፤ አንቺም የምትሄጂበት ያለሽ አይመስለኝም። እጅሽ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሰው ሲመጣ ሥራዋን ጥላ ከምትደበቅ ጋር ቤት አልካፈልም። አሁን ፊቴን አዞራለሁ። የጀመርሽውን ከጨረስሽ አብረን እንኖራለን። ካልጨረስሽ ተክሌንም ልጆቼንም ይዤ እወጣለሁ፤ መኪናው ላይ እናድራለን።»

ጉልበቷን ይዛ ዞረችና ጀርባዋን ለመደቡ ሰጠች። ከፊቷ ያለችው ቺሆ ብቻ ናት።

«እማማ—»

«ዝም በይ።»

ዝናቡ ጣራውን መምታት ጀመረ። ሺገኪ ደጅ ላይ ሸራ አምጡ እያለ ይጮኻል። ከዚያ ከማሳኖ ጀርባ፣ በጣም ቅርብ፣ ጨርቅ ሲጨመቅ ተሰማ። ውሃ ዕቃ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ከሁለቱ ሸክላዎች በቀር ምንም ዕቃ የለም።

የቺሆ ዓይን በማሳኖ ትከሻ ላይ አልፎ አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ቀረ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ የሚንቀሳቀስ እጅ የሚከተል ይመስል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ።

ማሳኖ አልዞረችም።

«ከሥር ደግፈሽ ያዢው» አለች ከጀርባዋ ላለችው። «ይሰበራል።»