የገምጋሚው መዝጊያ ንግግር

ገምጋሚው ከፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ የከሰዓቱን ትርዒት ሲያጣጥል ዋለ። ጦጣዋ ብስክሌት ነዳች፤ «ፔዳሉን በቅጡ አልረገጠችም» አለ። አስማተኛው ከባርኔጣው ርግብ አወጣ፤ «ርግብማ እኔም ቤት አለች» አለ። ሕዝቡ ግን ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ መጋረጃው ተዘግቶም «ይደገም» እያለ ከወንበሩ አልነሳ አለ።

የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ይፍሩ ጎንበስ ብለው መጡ።

«ጌታዬ፣ እንደ ሁልጊዜው ግምገማዎን ያሰሙልን። ያለ እርስዎ ይህ ቤት አንድ ቀን አይቆምም።»

«መጀመሪያ ጦጣዋ ትባረር።»

«ትባረራለች። ብቻ ቶሎ መድረክ ላይ ይውጡልን።»

ባለፈው ሳምንት ገምጋሚው ጉንፋን ይዞት ሲቀር፣ ተመልካቹን ከአዳራሹ ለማስወጣት ፖሊስ እንደተጠራ ሰምቷል። «እኔን ሲጠብቅ ነዋ» ብሎ ኮርቷል።

ክራባቱን አስተካክሎ ማይክራፎኑን ጨበጠ። «ክቡራትና ክቡራን፣ ኪነ ጥበብ ስንል ምን ማለታችን ነው?» ከማለቱ ወንበሮቹ ተንጓጉ፤ ሕዝቡ እየተጋፋ ወደ መውጫው ነጎደ።

አቶ ይፍሩ እፎይ ብለው ወደ በረኛው ዞሩ።

«በል፣ ለሁለተኛው ትርዒት የተሰለፈውን ሰው አስገባ።»