ሰዓቱን ብቻ

«አንድ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ እንዲህ እንደ ሌባ ይጠፍሩናል?» አለች እናት፣ የአውሮፕላኑን ወንበር ቀበቶ በጣቶቿ እየዳበሰች።

ልጅ ሳቀች። ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም።

የመስኮቱ ወንበር የደረሰው ለእናት ነው። ዓይኗ ማየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ትኬቱ ግን እንዲያ አለ፣ የቀየረውም የለም። ልጅ በእሷ ላይ ተንጠራርታ ወደ ውጭ ታያለች።

«እስኪ፣ ምን ይታያል?»

ታች ገደል ነው። ከገደሉ ወዲያ ሌላ ገደል፣ ከግርጌው እንደ ክር የቀጠነ ወንዝ።

«ቤቶች» አለች ልጅ። «ያው ሰፈር ለሰፈር ነው የምንሄደው፣ እማዬ።»

«ብዬ ነበር እኮ! አንድ ሰዓትማ ከቤታችን እስከ ወፍጮ ቤት ነው። አንቺ እንኳ በልጅነትሽ በዚያች አጭር እግርሽ እየተነጫነጭሽ ትደርሺ ነበር።» እናት ዘና ብላ ተደገፈች። «እንግዲህ እሑድ እሑድ ብቅ ትያለሽ። ምሳሽን በልተሽ ሳይመሽ መመለስ ነው። የወንድምሽ ሚስት ፊቷን ብታጠቁርብሽም እኔ አለሁልሽ።»

«እመጣለሁ፣ እማዬ።»

ልጅ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። አንድ ቀን እናቷን እጇ በምድጃ ተቃጥሎ፣ ሌላ ቀን ደጃፉ ላይ ወድቃ አገኘቻት። ታላቅ ወንድሟ «ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ትኑር» አለና ትኬቱን ላከ። በእሷ ደሞዝ በዓመት አንዴም መመላለስ አይታሰብም።

እናት እዚያው እንደምትቀር ታውቃለች። የማታውቀው ርቀቱን ነው። ወንድ ልጇ በቅርቡ የተዛወረበትን ከተማ ከስሙ በቀር ሰምታ አታውቅም። ልጅም ሰዓቱን ብቻ ነገረቻት እንጂ ኪሎ ሜትሩን ከአፏ አላወጣችም። ሟች አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እናት ኪሎ ሜትርን የምትለካው ባሏ ውጭ ባደረባቸው ሌሊቶች ነው።

ከጣራው ድምፅ ማጉያ የአብራሪው ድምፅ መጣ። «ክቡራን መንገደኞቻችን፣ የስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ጉዟችንን ከግማሽ በላይ ጨርሰናል። አየሩ መልካም ነው።»

የእናት ጣቶች ቀበቶው ላይ ቆሙ። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። እየቆጠረች እንደሆነ ልጅ ገባት።

«ስድስት መቶ» አለች እናት በመጨረሻ። «አባትሽ ቢሆን ሁለት ሌሊት ያድርበት ነበር።»

ልጅ ፊቷ ጋለ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እንዳትል መሬቷም ሩቅ ናት።

«እማዬ፣ እኔ እኮ...»

«ተይው። እንዳልከፋ ብለሽ ነው።» እናት ወደ ልጇ ዘንበል አለች። «አሁንስ ምን ይታያል? የእውነቱን ንገሪኝ።»

«ተራራ። ተራራ ብቻ ነው፣ እማዬ።»

«መንገድስ?»

«መንገድም አይታየኝም።»

እናት ራሷን ነቀነቀች፤ ልክ የቤት ኪራይ ተጨመረ እንደተባለች ያህል፣ ያለ ክርክር።

«በይ፣ እሑድ ልብስሽን እጠቢበት» አለች። «እንቅልፍሽንም ተኚ። ድምፅሽ ሁሉ ከስቷል።»

ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና መዳፏን መስተዋቱ ላይ ዘረጋች። ቅዝቃዜው ሰቀጠጣት፤ እጇን ግን አላነሳችም። ልጅ በእናቷ ጣቶች መካከል ተራሮቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሲያልፉ ታያለች።