ሚጡ ለአማካሪዋ የጻፈችው ወረቀት

"ልጄ እብድ አይደለችም!"

አባትየው በሩን እንኳ ሳያንኳኳ ነው የገባው... የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሥራ ልብሱን አላወለቀም።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ ብድግ ብላ "ይቀመጡ" አለችው።

"አልቀመጥም! የሦስተኛ ክፍል ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን አማካሪ ቢሮ ምን ትሠራለች? እናቷ ከሞተች ወዲህ ምን አጎደልኩባት? ልብሷ ንጹህ... ደብተሯ የተሸፈነ..."

እውነቱን ነው። ፀጉሯን ሳይቀር የሚሠራላት እሱ ነው፤ ትንሽ ይንጋደዳል እንጂ።

"ምን ሆንኩ ብላ ነው የምትመጣው? ይንገሩኝ! አለበለዚያ መልቀቂያዋን ስጡኝ፣ ሌላ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ!"

"እሷ ሳትፈቅድ ልነግርዎት አልችልም።"

ይሄኔ ሰውዬው ደሙ ፈላ።

"የወለድኳት እኔ! ፈቃድ የምጠይቀው እኔ?!"

(እኔም ብሆን እጮህ ነበር... አልዋሽም።)

አማካሪዋ ወደ በሩ ሄደች። ኮሪደር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ የቆመችውን ልጅ ጠራቻት።

"ሚጡ፣ የጻፍሽልኝን ወረቀት ለአባትሽ ላሳየው?"

ሚጡ ጫማዋን አየች... አባቷን አየች... "እሺ" አለች።

አማካሪዋ ከመሳቢያዋ ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችው። በእርሳስ የተጻፈ፣ ግማሹ በላጲስ ጠፍቶ እንደገና የተጻፈ ነው...

"አባዬ ከሥራ ሲመጣ ሻወር ቤት ገብቶ ውሃ ከፍቶ ያለቅሳል። ማወቄን ሳያውቅ እንዴት ላጽናናው?"

ሰውዬው ሁለቴ አነበበው። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያነብ ሲል ዓይኑ እምቢ አለው።

"የምትመጣው... ለኔ ብላ ነው?"

"ስለራሷም እናወራለን። ግን ሁልጊዜ የምትጀምረው ከእርስዎ ነው።"

ወደ ልጁ ዞረ።

"ውሃውን የምከፍተው እኮ እንዳትሰሚኝ ብዬ ነበር..."

"አውቃለሁ አባዬ። ቴሌቪዥኑን የማስጮኸው ለዛ ነው... እንዳልሰማሁህ እንዲመስልህ።"

ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ እንጃ... ሰውዬው ያገኘው የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠና ልጁን አቅፎ፣ ያለ ምንም ውሃ፣ አለቀሰ።

ሲረጋጋ ወደ አማካሪዋ ቀና ብሎ "ለወላጅስ... ሰዓት አላችሁ?" አላት።

"ሐሙስ፣ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ" አለች አማካሪዋ።

ወገን... አማካሪ ቢሮ የእብድ ወይም የረባሽ ልጅ ማጎሪያ አይደለም። ልጅ ቤት ውስጥ መናገር የከበደውን የሚናገርበት ክፍል ነው።

እኛ ሐዘናችንን ስንደብቃቸው፣ እነሱ ደግሞ ማወቃቸውን ይደብቁናል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ለየብቻው ያዝናል።

እስቲ ልጠይቃችሁ... ልጅ ሳላችሁ፣ እያወቃችሁ እንዳላወቃችሁ የሆናችሁለት የቤታችሁ ሰው ማን ነበር? ዛሬስ ነግራችሁታል?